ኮከብነቱ ለእኛ፣ ዋንጫው ለሌላ

ቤይሩት ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ የሙቀት ብቻ ሳይሆን የዝውውር ወሬ ወራትም ናቸው። ከሐምራ ጎዳና ወደ ባሕሩ ቁልቁል የወረደ ሰው ማናራ ይደርሳል፤ የሪያዲ ክለብ ሜዳ የሆነው የሳዒብ ሳላም አዳራሽ እዚያው ነው። ሪያዲ በ1934 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተ፣ በሊባኖስ ቅርጫት ኳስ ገናና የሆነ ክለብ ነው። ስለዚህ በሠፈሩ ካፌዎች ኳስ በማይነጥርበት ወር እንኳ ክርክሩ አይቆምም። ማን ውሉን ጨረሰ? ማን በነጻ ይገኛል? አሜሪካ ውስጥ ኤን ቢ ኤ ለመግባት ጥቂት የጎደለው፣ ነጥብ እንደ ዝናብ የሚያወርደው ልጅ ስንት ይጠይቃል? ቡድን የተሸነፈ እንደሆነ በሽታው «አስቆጣሪ የለንም» ይባላል፤ መድኃኒቱም «አስቆጣሪ ይምጣልን» ነው።

የክለብ አመራር፣ ጋዜጠኛና ደጋፊ በምንም ነገር አይስማሙም፤ በዚህ ግን ይስማማሉ። አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ብትቀመጡም የምትሰሙት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ነጥቡ በጎል፣ አሜሪካዊው በጋናዊ ወይም በናይጄሪያዊ መተካቱ ብቻ ነው። እኔ ሦስቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ጎል የሚያጥረው ቡድን የጎደለው አንድ ትልቅ ሰው አይደለም። የጎደሉት ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው። አንዱን ትልቅ ሰው በውድ ዋጋ ማስፈረም ያንን ጉድለት ለአንድ ዓመት ከዓይን ይሰውረዋል፤ በቀጣዩ ዓመት ጉድለቱ ሰፍቶ ይመለሳል።

ማስረጃውን ከቤታችን ልጀምር። በ2020/21 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ ሲተላለፍ፣ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አገባ። በሊጉ ታሪክ በአንድ የውድድር ዓመት ይህን ያህል ያገባ አልነበረም። ዋንጫውን ማን በላ? ፋሲል ከነማ፤ ያውም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቡና ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን የጌታነህ ከበደ ነበር፤ በ2016/17 ለደደቢት 25 ጎል አስቆጥሮ። በዚያ ዓመትስ ሻምፒዮኑ ማን ነበር? ቅዱስ ጊዮርጊስ። የሊጉ ክብረ ወሰን በመጨረሻ የተሰበረባቸው ሁለቱ ዓመታት፣ ጎል አግቢው ኮከብ የተባለባቸውና ክለቡ ዋንጫውን በቴሌቪዥን ያየባቸው ዓመታት ናቸው።

«አንድ ሁለት አጋጣሚ ምን ያሳያል?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ተቃራኒውም አለ። ያው ጌታነህ ኮከብ ጎል አግቢ በሆነበት በ2012/13 ደደቢት ሻምፒዮን ሆኗል። ነገር ግን ያ ደደቢት እንዴት ያለ ቡድን ነበር? በዚያ ዘመን ለብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋች በብዛት ያዋጣ፣ ተከላካይ ጌታነህን ሲከብብ ክፍቱን ቦታ የሚጠቀም ሌላ ሰው ያለው ቡድን ነበር። ጎል አግቢ ዋንጫ አያመጣም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ብቻውን የቆመ ጎል አግቢ ግን ከዋንጫ ይልቅ ለራሱ ጫማ ይሸለማል።

ወደ ሐምራ ልመለስ። በሐምሌ 2022 ጃካርታ ላይ በተካሄደው የቅርጫት ኳስ የእስያ ዋንጫ የሊባኖስ ብሔራዊ ቡድን ለፍጻሜ ደረሰ። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው የሊባኖሱ ዋኤል አራክጂ ነው፤ ዋንጫውን የወሰደችው ግን 75 ለ73 ያሸነፈችው አውስትራሊያ ናት። የሐምራ ሰው ይህን ሽንፈት እንደ ድል ይተርከዋል፤ እኔም አልፈርድበትም። አገሩ ገንዘቧ ተንኮታኩቶ፣ ወደቧ ፈንድቶ ሳለ ለእስያ ፍጻሜ መድረስ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ሁለቱን ነጥብ ከየት እናመጣ ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው፣ መልሱን ከአራክጂ ዘንድ መፈለግ የለበትም። እሱ የሚችለውን አድርጓል።

ሦስተኛው ማስረጃዬ ከሩቅ ነው። የበረዶ ላይ ሆኪ ለእኛ እንግዳ ስፖርት ቢሆንም ስለዚህ ጉዳይ ከእሱ በላይ የሚያስተምር የለም። እዚያ አጥቂ ሜዳ ላይ የሚቆየው በአንድ ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሳንባውም እግሩም አይፈቅድለትም። ስለዚህ አሠልጣኙ ሦስት ሦስት ሆነው የሚገቡ አራት የአጥቂ ሰልፎች ያዘጋጃል፤ 12 አጥቂ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሰልፍ የቱንም ያህል ድንቅ ቢሆን የጨዋታው ትልቁ ክፍል እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያልፍ ነው። በ2024 የሰሜን አሜሪካው ሊግ ፍጻሜ ላይ የኤድመንተኑ ኮነር ማክዴቪድ፣ የዘመኑ ታላቅ የተባለው ሰው፣ ቡድኑ ተሸንፎም የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ዋንጫው ለፍሎሪዳ ሆነ። በሰባተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ ኤድመንተን ያገባው አንድ ጎል ነበር፤ ፍሎሪዳ ሁለት። እንግዲህ አቡበከር፣ አራክጂ፣ ማክዴቪድ፤ በሦስት አህጉር፣ በሦስት የተለያየ ስፖርት ኮከብነቱ ለአንዱ፣ ዋንጫው ለሌላው።

አሁን አሠራሩን እንመልከት፤ ክርክሩ እዚህ ላይ ነውና። የቅርጫት ኳስ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው፤ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ይጫወታል። አንድ አሠልጣኝ ለተጫዋቾቹ የሚያድለው በድምሩ 200 ደቂቃ አለው። ክለቡ ሦስት ውድ የውጭ ተጫዋቾች አስፈርሞ እያንዳንዳቸውን 35 ደቂቃ ካጫወተ፣ 105 ደቂቃው ሄደ ማለት ነው። ለተቀሩት ዘጠኝ የአገር ልጆች የቀራቸው 95 ደቂቃ ነው፤ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ያህል። ከደቂቃው ብዛት ይልቅ ደግሞ የደቂቃው ዓይነት ይከፋል። ውጤቱ ተቀራርቦ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኳሱ ወደማን ይሄዳል? ብዙ ወደተከፈለው። የአገሩ ልጅ በዚያች ሰዓት ሥራው ማቀበል፣ መከላከልና ማጨብጨብ ነው። አምስት ዓመት እንዲህ የተጫወተ ወጣት የመጨረሻዋን ኳስ ወርውሮ አያውቅም፤ ስቶም አያውቅ፣ አግብቶም አያውቅ። ከዚያ ብሔራዊ ቡድኑ ሲጠራው፣ ከጎኑ አሜሪካዊ በሌለበት ሰዓት፣ «ለምን አታስቆጥርም?» ብለን እንጮህበታለን።

አንዴ የዚህ ተቃራኒ ሳይፈለግ ተሞክሯል። በጥቅምት 2019 ሊባኖስ በተቃውሞ ስትናወጥ የ2019/20 የቅርጫት ኳስ ሊግ ተቋረጠ። ቀጥሎ ኢኮኖሚው ወደቀ፤ ለዓመታት አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ይመነዘር የነበረው ገንዘብ ውሎ አድሮ 89,500 ደረሰ። ዶላር ያልነበራቸው ክለቦች በ2020/21 ወደ ሜዳ የተመለሱት ያለ ውጭ ተጫዋች ነበር። «ሊጉ ሞተ» ተባለ። ቲኬት አይሸጥም፣ ጨዋታው ይፈዛል፣ ተመልካች ይሸሻል ተባለ። ያኔ የመጨረሻዋን ኳስ የግድ የሊባኖስ ልጅ መወርወር ነበረበት፤ ሌላ ሰው አልነበረማ። በቀጣዩ ዓመት ክረምት ነው እንግዲህ ያ ብሔራዊ ቡድን ከእስያ ዋንጫ በሁለት ነጥብ የቀረው። አንዱ የሌላው ብቸኛ ምክንያት ነው አልልም፤ ቡድኑ ከሊባኖስ ውጭ የተወለደ ተጫዋችም ይዞ ነበር፤ አሠልጣኙ ጃድ ኤል ሐጅም የራሱ ድርሻ አለው። ግን ድህነት ባስገደደው በዚያ አንድ ዓመት የሆነውን ነገር ሀብት በነበረበት ዘመን ማንም ደፍሮ እንዳልሞከረው መካድ አይቻልም።

ከዚያስ ምን ሆነ? ዶላሩ ትንሽ ሲመለስ ልማዱም ተመለሰ። በ2023 የቅርጫት ኳስ የዓለም ዋንጫ ሊባኖስ በኤን ቢ ኤ የተጫወተውን ኦማሪ ስፔልማንን ዜግነት ሰጥታ አሰለፈች። ላትቪያ 109 ለ70፣ ካናዳ 128 ለ73 አሸነፏት። ካናዳ ያንን ሁሉ ነጥብ ያስቆጠረችው በአንድ ሰው አልነበረም፤ ከወንበር የሚነሣው ሁሉ ያስቆጥር ነበር። ለፍትሕ ስል ይህንንም ልጨምር፤ ያው ቡድን ከሁለት ቀን በኋላ ፈረንሳይን አስጨንቆ 85 ለ79 ነው የተሸነፈው። ተስፋው አለ ማለት ነው። ተስፋውን የሚያቀጭጨው ግን ከዚያ ሽንፈት ተነሥቶ «ከስፔልማን የተሻለ ሌላ እንፈልግ» የሚለው መደምደሚያ ነው።

እዚህ ላይ የሪያዲ ደጋፊ ሊያቋርጠኝ ይገባል፤ ጥሩ ክርክርም አለው። «ሪያዲ የእስያ ክለቦች ዋንጫን በ2011፣ በ2017 እና በ2024 ያነሣው የውጭ ተጫዋቾች አስፈርሞ አይደለም ወይ?» ይላል። አዎ፣ አስፈርሞ ነው። ነገር ግን ሰኔ 2024 ዱባይ ላይ የዱባዩን ሸባብ አል አህሊን 122 ለ96 ያሸነፈውን ቡድን አስቡት። መቶ ሃያ ሁለት ነጥብ አንድ ሰው አያስቆጥርም፤ ሁለትም አያስቆጥሩትም። አሠልጣኙ አህመድ ፋራን አራክጂ ሲደክም አሚር ሳዑድን፣ ከእሱ ጎን ካሪም ዘይኑንና ሃይክ ጊዮክችያንን ማስገባት የሚችል ሰው ነበር። የውጮቹ የመጡት የቆመ ቤት ላይ ጣሪያ ሊጨምሩ ነው። ሌሎቹ ክለቦች ጣሪያውን መጀመሪያ ገዝተው ግድግዳው እስኪቆም ይዘውት ይቆማሉ። ሪያዲን የምወቅስበት ነገር ካለ፣ በገንዘቡ የአገሩን ምርጥ ልጆች ወደ ራሱ እየሰበሰበ ሌላውን ክለብ ለውጭ ገበያ መዳረጉ ነው፤ እሱ ግን ሌላ መጣጥፍ ይፈልጋል።

ባለጸጋ ደጓሚ ሲታከል ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ማየት የፈለገ ከተማዋን ተሻግሮ ወደ አሽረፊየ ይሂድ። ሂክማ የተባለው የቅርጫት ኳስ ክለብ በ1990ዎቹ መጨረሻ የማስታወቂያ ነጋዴው አንትዋን ሹዌሪ ሲይዙት የእስያ ቁንጮ ሆነ፤ የእስያ ክለቦች ዋንጫን በ1999፣ በ2000 እና በ2004 ወሰደ። ፋዲ ኤል ኸቲብን የመሰለ ታላቅ የአገር ልጅም ነበረው። ሹዌሪ እጃቸውን ሲሰበስቡ ግን የክለቡ ክብር አብሮ ተሰበሰበ። የአንድ ሰው ኪስ የሚከፍለው የአንድ ሰው ነጥብ፤ ኪሱ ሲዘጋ ነጥቡም ያቆማል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ካላልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሊባኖስ ውስጥ የቅርጫት ኳሱ አሜሪካዊም የውጭ ሠራተኛ ነው፤ ከኢትዮጵያ የመጣችው እህታችንም የውጭ ሠራተኛ ናት። እሱ ደመወዙ ቢቀር ክለቡን የሚከስበት ዓለም አቀፍ የግልግል ፍርድ ቤት አለው፤ ክለቡ አልከፍልም ቢል ሌላ ተጫዋች እንዳያስፈርም ሊታገድ ይችላል። በ2020 ዶላር ሲጠፋ ሀዝሚየ በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ከነሻንጣቸው የተጣሉት እህቶቻችን ግን ያልተከፈላቸውን የወራት ደመወዝ የሚጠይቁበት ደጅ አልነበራቸውም። የከፋላ (የአሠሪ ዋስትና) ሥርዓት ውላቸውን ከአሠሪው ጋር እንጂ ከሕግ ጋር አላሰረውም። አሠሪ የሚፈራው ቅጣት ሲኖር ብቻ ነው የሚከፍለው፤ ለኮከቡ ቅጣቱ አለ፣ ለእነሱ የለም። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

የኢትዮጵያ ክለቦች ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት የልማት ድርጅት በጀት የሚተዳደሩ ናቸው፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው። በ2019 የደመወዝ ጉዳይ ከቁጥጥር ሲወጣ የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ተወሰነ። ውሳኔው ስለ ዋጋ ነበር። ዋጋው ለምን እንደናረ ግን ማንም አልጠየቀም። የናረው በአገሩ ጎል የሚያገባ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ሁሉም ክለብ እነዚያኑ ጥቂት ሰዎች በየዓመቱ እየተቀባበለ ስለሚገዛ ነው። አጥቂው ዘንድሮ እዚህ፣ ከርሞ እዚያ ይፈርማል፤ በሊጉ የሚገባው የጎል ብዛት ግን በዝውውር አይጨምርም። ገንዘቡ ይዘዋወራል፣ ጎሉ ያው ነው።

ብሔራዊ ቡድኑ የዚህ ሁሉ ድምር ውጤት ነው። ከ31 ዓመት በኋላ በተመለስንበት የ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ተስፋችን ሁሉ ሳላዲን ሰዒድ ላይ ነበር። ከዛምቢያ ጋር ፍጹም ቅጣት ምቱን ሳተ፤ ጎሏን ያገባው አዳነ ግርማ ነበር። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ0፣ በናይጄሪያ 2 ለ0 ተሸንፈን ወጣን። በጥር 2022 ደግሞ ካሜሩን ስንሄድ የ29 ጎሉን አቡበከርን ይዘን ነበር። በሦስት ጨዋታ ሁለት ጎል አገባን፤ አንዱ የዳዋ ሆቴሳ፣ ሌላው የጌታነህ ከበደ ፍጹም ቅጣት ምት። በሁለት የአፍሪካ ዋንጫ፣ በስድስት ጨዋታ፣ ሦስት ጎል። በሁለቱም ጊዜ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ የተጓዘለት አጥቂ አንድም አላገባም። ይህ የሳላዲን ወይም የአቡበከር ድክመት አይደለም፤ የአፍሪካ ተከላካይ አንድ ሰው ብቻ እንደሚያስፈራ ካወቀ ሥራው ቀላል ነው፣ ሁለት ሰው መድቦበት ያድራል። ያው ቡድን በሰኔ 2022 ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ0 ሲያሸንፍ ያገቡት ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ነበሩ፤ ግብፆች ማንን እንደሚይዙ ግራ በገባቸው ቀን ማለት ነው። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ግብፅን 4 ለ2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሣም ጎሎቹ ከአንድ እግር አልወጡም፤ መንግሥቱ ወርቁ አለ፣ ኢታሎ ቫሳሎም አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይኸው ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ «ደጋፊው ኮከብ ይፈልጋል» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት አመራሮች ደጋፊውን ያሙታል። ደጋፊ የሚፈልገው ማሸነፍ ነው፤ ኮከቡን የሚወደው ማሸነፊያ መስሎ ስለቀረበለት ነው። በ2014 የኤን ቢ ኤ ሻምፒዮን የሆነውን ሳን አንቶኒዮን ተመልከቱ፤ በዚያ ዓመት መደበኛ ውድድር በአማካይ 30 ደቂቃ የተጫወተ አንድም ሰው አልነበረውም። በፍጻሜው ሌብሮን ጄምስን የያዘውን ማያሚን 4 ለ1 አሸነፈ። አዳራሹ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ለነገሩ ፋሲል ከነማ በ2021 ዋንጫውን ይዞ ጎንደር ሲገባ የጎንደር ሰው «የ29 ጎሉ ልጅ የት አለ?» ብሎ ጠይቋል እንዴ?

ስለዚህ ለክለብ አመራሮቻችን፣ በቤይሩትም በአዲስ አበባም ላላችሁት፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቀጣዩ የዝውውር መስኮት ሲከፈት፣ «ማንን እናስፈርም?» ከማለታችሁ በፊት፣ ባለፈው ዓመት በቡድናችሁ ከአምስት ጎል በላይ ያገቡት ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። መልሱ አንድ ከሆነ፣ የምትገዙት ሁለተኛ ኮከብ እንዳይሆን። ገንዘቡን ለወጣት ቡድናችሁ አሠልጣኝ ደመወዝ አድርጉት፣ ከወጣት ቡድኑም ሁለት ልጆች አሳድጋችሁ በውድድሩ የመጀመሪያ አሥር ጨዋታዎች አሰልፏቸው፤ ሲስቱም አታውጧቸው። ጋዜጠኛውም ቢሆን የኮከብ ጎል አግቢውን ስም በደማቅ ከመጻፉ በፊት፣ ከሥሩ ያሉትን ሁለተኛና ሦስተኛ አግቢዎች ስምና የጎል ብዛት ያትምልን።